«ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ቶሎ አትክፈሉ

ደሴና ኮምቦልቻ አሮጌ መኪና የምትነዱ ወገኖቼ፣ እኔን ያገኘኝ እናንተን እንዳያገኛችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ታኅሣሥ ላይ፣ የጦሳን ተራራ ጉም በሸፈነበት ማለዳ፣ የኮሮላዬን ቁልፍ ሳዞር «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። ደገምኩት። አሁንም ጠቅ። የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝና ደሴ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ፣ በመፍቻ መታ መታ አደረገና «ተቃጥሏል» አለኝ። ቮልት መለኪያ ቴስተር እንኳ አላወጣም። «ያገለገለ ኦሪጅናል አለ፣ 14 ሺህ ብር» አለ። መንገድ ነበረብኝ፣ ከፈልኩ። መኪናዋም ተነሳች።

በአራተኛው ቀን ያችው ጠቅታ ተመለሰች። ወደዚያው ጋራዥ ስመለስ «አሁን ደግሞ ዲናሞው ነው» አሉኝ፤ ባትሪውን የሚሞላውን ማለታቸው ነው። ያኔ ነው የተጠራጠርኩት።

እንደምንም አስነስቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አንድ ሸምገል ያሉ የመኪና ኤሌክትሪሻን መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፤ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ቀጥለው የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርገው «ቁልፉን አዙር» አሉኝ። ከ2 ቮልት በላይ አሳየ። «እዚህ ላይ ግማሽ ቮልት እንኳ ብዙ ነው ልጄ» አሉ። የማሳውን ገመድ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደውን፣ ስነካው ይሞቃል። ሲፈቱት ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ ከሥሩ ዝገት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው መልሰው አጠበቁት። በቃ! የመጀመሪያው ጋራዥ ሞተሪኖ ሲቀይር ገመዱ ስለተነካካ ነው ለሦስት ቀን የሠራችልኝ። እኚህ ሰው የጠየቁኝ 300 ብር ብቻ ነው፤ አላህ ይስጣቸው።

ስለዚህ ዕቃ ቀይሩ ከመባላችሁ በፊት ይለካላችሁ። ቁልፉ ሲዞር ባትሪው ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው፤ መቀየር አያስፈልገውም። ሞተሪኖ ተቃጥሏል ካሉም አውርደው፣ በደንብ አስረው፣ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝተው ዓይናችሁ እያየ ይሞክሩት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የደሴ ብርድ የደከመ ባትሪን ቶሎ ስለሚያጋልጥ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ የምታስቸግር መኪና ካለቻችሁ ከባትሪው ጀምሩ።

አሮጌውን ሞተሪኖዬን ልወስድ ስሄድ «ለቆራሌ ሰጥተነዋል» አሉኝ። ጤነኛ እንደነበር አሁን አልጠራጠርም። ለአንዳችሁ «ያገለገለ ኦሪጅናል» ተብሎ እንዳይሸጥ እፈራለሁ። ዕቃ ሲቀየርላችሁ አጠገቡ ቁሙ፣ የወጣውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።