ለግራፊክስ ካርድ ተጨማሪ ፋን፦ ኬዙ ላይ፣ ስሎቱ ላይ ወይስ ሂትሲንኩ ላይ?

የሚግል ግራፊክስ ካርድ ላይ ፋን መጨመር የሚቻልበት መንገድ ብዙ ነው፤ ዋጋውም ድካሙም ይለያያል። ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ላይ ፋን መጨመር ይቻላል። ከካርዱ ሥር ባሉት ባዶ ስሎቶች (የካርድ መግጠሚያ ቦታዎች) ላይ የሚታሰር የፋን መደገፊያ ይሸጣል። የካርዱን ፕላስቲክ ሽፋን ከነፋኖቹ አውጥቶ 120 ሚሊሜትር ፋኖችን በቀጥታ ሂትሲንኩ (የቺፑን ሙቀት ተቀብሎ ለአየር የሚሰጠው ባለ ቅጠል ብረት) ላይ ማሰርም አለ። የትኛው እንደሚያዋጣችሁ የሚወስነው ሙቀቱ የት ላይ እንደታፈነ ነው። ኬዙ ውስጥ ንጹሕ አየር ከሌለ ሂትሲንኩ ላይ የምታስሩት ፋን ያንኑ የጋለ አየር ያመላልሳል። ቺፑ ሙቀቱን ለሂትሲንኩ በደንብ ካላስተላለፈ ደግሞ የትኛውም ፋን አያድነውም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለኩ

ሙቀት የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ክፈቱና ካርዱን የሚያስጨንቅ ጌም 20 ደቂቃ አጫውቱ። ካርዱን በሚያስተካክለው በኤምኤስአይ አፍተርበርነር ፕሮግራም የካርዱን ፋን 70 በመቶ ላይ ቆልፉት፤ ካልቆለፋችሁት ካርዱ በጋለ ቁጥር ፋኑን ራሱ ስለሚያፈጥነው ልዩነቱ ይደበቅባችኋል። የጂፒዩውን (የካርዱን ዋና ቺፕ) ሙቀት፣ ሆት ስፖቱን (የቺፑን ከሁሉ የጋለ ነጥብ)፣ ካለም የሜሞሪውን ሙቀት ጻፉ። የክፍሉንም ሙቀት ጨምሩ፤ ክፍሉ በ8 ዲግሪ ሲሞቅ ካርዱም በዚያው ልክ ይሞቃል።

ቀጥሎ የኬዙን የጎን መስታወት አውጥታችሁ ያንኑ ጌም፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው የፋን ፍጥነት ድገሙት። ሙቀቱ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ ነው። ምንም ካልተለወጠ ጉዳዩ ከካርዱ ከራሱ ጋር ነው። በጂፒዩውና በሆት ስፖቱ መካከል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ጤነኛ ነው፤ ከ20 በላይ ከሆነ ግን ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ደርቆ ወይም ተገፍቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። (በአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ካርዶች የሆት ስፖት ንባብ ስለማይወጣ ይህኛው መለኪያ አይሠራም።) አቧራውንም አትርሱ። በሂትሲንኩ ቅጠሎች መካከል የተጋገረ አቧራ ካለ መጥረጊያ ብሩሽና ንፋስ ብቻውን ሥራውን ሊጨርስ ይችላል። ስታጸዱ የፋኑን ቅጠል በጣት ያዙት፤ በንፋስ ግፊት ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ሞተሩና መሽከርከሪያው ይጎዳሉ።

የኬዝ ፋን

የጎን መስታወት ሲከፈት ሙቀቱ ከወረደላችሁ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የኬዝ ፋን ግዙ። ርካሹም፣ ዋስትና የማይነካውም፣ ሲፒዩውንም አብሮ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ብዙ ሰው ፋን ከኬዙ አናት ላይ ይጨምራል። ለግራፊክስ ካርድ ግን የሚሻለው ከታች ወደ ላይ የሚያስገባ ፋን ነው፤ የካርዱ ፋኖች አየር የሚስቡት ከሥራቸው ስለሆነ ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ አፋቸው ላይ ይደርሳል። የፓወር ሰፕላዩ መሸፈኛ አናቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ ሁለት 120 ሚሊሜትር ፋን እላዩ ላይ ይቀመጣል። ድፍን ከሆነ ግን እዚያ ላይ ፋን ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ የሚስበው አየር የለም። ያኔ ከፊት ለፊት፣ በካርዱ ከፍታ ልክ ሁለት ፋን አስገቡና አንድ ከኋላ የሚያስወጣ ተዉ።

የፊቱ ገጽ ድፍን መስታወት ሆኖ ጎኑ ላይ ጣት የማያስገባ ክፍተት ብቻ ያለው ኬዝ ላይ ሦስት ውድ ፋን ከመደርደር ፊቱ መረብ የሆነ ኬዝ መግዛት ይቀድማል።

የስሎት ፋን

በኬዙ የኋላ ስሎቶች ላይ በብሎን የሚያዝ ብረት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ከ80 እስከ 120 ሚሊሜትር የሆኑ ፋኖች ከካርዱ ሥር ተሰቅለው ወደ ላይ ይነፍሳሉ። መግጠሙ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጥቅሙ ግን ውስን ነው፤ የካርዱን ፋን አየር በማቀበል ያግዘዋል እንጂ ሂትሲንኩ ውስጥ ገብቶ የሚያልፈውን አየር የሚወስነው አሁንም የካርዱ ፋን ነው። ኬዙ ከታች ክፍት ሆኖ ፋን ማሰሪያ ከሌለው፣ ወይም ካርዱ ሥር የቆመ የጋለ አየር ካለ ያዋጣል። የኬዝ ፋን በቂ ሆኖ እያለ ግን ድምፅ ብቻ ይጨምራል። ሽፋኑን ማውለቅ የማይፈልግ፣ ዋስትናው ያላለቀ ሰው ይህን ቢመርጥ አልቃወምም፤ ብረቱን ባዶውን ገዝቶ ጥሩ ፋን ራሱ ቢገጥምበት ይሻላል፤ ከብረቱ ጋር የሚመጡት ብዙ ጊዜ ፍጥነታቸው የማይስተካከል ነው።

አየሩን ከስሎቱ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ዓይነት አትግዙ። የካርዱ ፋን ሊስበው የሚፈልገውን አየር ከአፉ ይነጥቃል።

ሽፋኑን አውልቆ ትልቅ ፋን ማሰር

ለውጡ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው፤ በተለይ በድምፅ። የብዙ ካርድ ፋን ከ85 እስከ 95 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱም ቀጭን ነው፤ ሙቀት ለማውረድ በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር ድረስ ይሮጣል። 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 120 ፋን በ1,200 ዙር ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ከኬዙ ውጭ ብዙም አይሰማም። የካርዱ ፋን መንቀጥቀጥ ወይም መጮኽ ጀምሮ ከነበረ ደግሞ ተተኪውን ከመፈለግ ይህ ይቀላል።

በመጀመሪያ ቦታ ለኩ። ካርዱ ኬዙ ውስጥ እያለ ከሂትሲንኩ ቅጠሎች ጫፍ እስከ ታችኛው መሸፈኛ ያለውን ርቀት ውሰዱ። ለፋኑ 25፣ አየር ለሚስብበት ደግሞ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ሁለት ስሎት የነበረው ካርድ ከሦስት በላይ ስሎት ይይዛል ማለት ነው፤ ከሥሩ ሌላ ካርድ ካለ አይሆንም። ርዝመቱንም ተመልከቱ፤ ሁለት 120 ፋን 240 ሚሊሜትር ነው። የሂትሲንኩ ርዝመት 190 አካባቢ ከሆነ ሁለት 92 ፋን ይሻላል፤ ከሂትሲንኩ የሚተርፈው የፋን አካል አየሩን በከንቱ ያባክናል።

ፋን ስትመርጡ ባለ 4 ፒን ብቻ ግዙ። የካርዱ ሶኬት 12 ቮልቱን እንዳለ ለቅቆ ፍጥነቱን የሚያዘው በአራተኛው ሽቦ ስለሆነ ባለ 3 ፒን ፋን ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል። ከሦስቱ ታዋቂዎች አርክቲክ ፒ12 ርካሹ ነው፤ እስከ 1,800 ዙር ይደርሳል፣ ጥቅጥቅ ያለ ሂትሲንክ ውስጥ አየር የመግፋት አቅሙም ጥሩ ነው። ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 እስከ 2,000 ዙር ይሄዳል፣ ለስላሳ ነው፣ ግን ዋጋው የአርክቲኩን እጥፍ በብዙ ያልፋል። በሙቀት ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ገንዘብ የሚያስጨንቀው ሰው በአርክቲኩ አይጸጸትም። ቦታ የጠበበበት ባለ 15 ሚሊሜትሩን ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ15 ይውሰድ፤ የግፊት አቅሙ ግን ዝቅ ይላል።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር አስሉ። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ውጭ አገር 1,200 ዙር ላይ የተለካ ውጤት እዚህ 1,500 አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፍተኛው ፍጥነቱ 1,200 የሆነ "ጸጥተኛ" ፋን ለሂትሲንክ አትምረጡ።

ወደ ሥራው እንግባ። ካርዱን አውጡ፤ ሽፋኑን የያዙትን ትንንሽ ብሎኖች ብቻ በካቻቢቴ ፍቱ። በጀርባ በኩል መሐል ላይ፣ በካሬ የተሰለፉትና ስፕሪንግ ያላቸው አራት ብሎኖች ሂትሲንኩን ከቺፑ ጋር የያዙ ናቸው፤ አትንኳቸው። አንዳንድ ካርድ ሽፋኑ የሚወጣው ሂትሲንኩ ሲነሳ ብቻ ነው፤ የእናንተ እንዲያ ከሆነ አዲስ ቴርማል ፔስት አዘጋጁ፣ የተቀደደ ቴርማል ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ) ካለም በዚያው ውፍረት ተኩ። በግማሽ ሚሊሜትር የወፈረ ፓድ ሂትሲንኩን ከቺፑ ላይ ያነሳና ካርዱ ከቀድሞው ብሶ ይግላል። የፋኑን ገመድ ስትነቅሉ ፕላስቲኩን ያዙ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ።

ፋኑን በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት፦ 3.6 ሚሊሜትር ስፋትና 200 ርዝመት ያለው፣ ለአንድ ፋን አራት። በፋኑ ማዕዘን ቀዳዳ አስገቡና በሂትሲንኩ ዳር ወይም በመዳብ ቱቦው ዙሪያ አዙሩት። ቅጠሎቹ እስኪጎብጡ አታጥብቁ፤ በቦርዱ ላይ ባሉ ጥቃቅን ክፍሎችም ላይ አታሳልፉ። ፋኑ የሚነፍሰው ስቲከሩና መያዣ እጆቹ ባሉበት በኩል ነው፤ ያ ጎን ወደ ሂትሲንኩ ይዙር። በፋኑ ጠርዝና በቅጠሎቹ መካከል ክፍተት ካለ በቀጭን ስፖንጅ ዝጉት፤ አየር የሚያመልጠው በዚያ ነው። የተረፈውን ማሰሪያ ቆርጣችሁ የፋኑን ቅጠል በጣት አሽከርክሩ፤ የሚነካ ነገር ካለ አሁኑኑ ይሰማል። ፋኖቹ ክብደት ስለሚጨምሩ የካርዱን ጫፍ በመደገፊያ አቁሙት።

ገመዱን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ። የካርዱ ሶኬት ከማዘርቦርዱ ያነሰ ባለ 4 ፒን ስለሆነ አስማሚ ገመድ ይፈልጋል፤ አንድ ለሁለት የሚከፈለውን ግዙ። እንዲህ ሲሆን ካርዱ ራሱ ፋኑን ስለሚያዝ ምንም ሶፍትዌር አያስፈልግም። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ነው። የብዙ ማዘርቦርድ ሶኬት 1 አምፒር ስለሚችል ሁለት ፋን አይከብደውም፤ ነገር ግን ባዮሱ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው የሲፒዩን ሙቀት ነው፤ ጌም ስትጫወቱ ካርዱ ሲግል ፋኑ ዝም ሊል ይችላል። ፋን ኮንትሮል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ፍጥነቱን ከጂፒዩው ሙቀት ጋር ያያይዛል፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሳ ማድረግ አትርሱ፣ ሶፍትዌሩ ካልተነሳበት ጊዜም ቢሆን እንዳይቆም ባዮሱ ውስጥ ዝቅተኛውን ፍጥነት 40 በመቶ አካባቢ አድርጉ። ገመድ መግዛት ለሚችል የመጀመሪያው ይሻላል።

ስትጨርሱ ያንኑ ልኬት ድገሙ። ጂፒዩው ቀዝቅዞ ሜሞሪው ከሞቀ፣ የቀድሞው ሽፋን ወደ ሜሞሪውና ወደ ኃይል ክፍሎቹ ይመራው የነበረው አየር ተቋርጧል ማለት ነው፤ ፋኑን ወደዚያ ጫፍ በጥቂቱ አንሸራትቱ። ጂዲዲአር6ኤክስ የሚባለው የሜሞሪ ዓይነት 110 ዲግሪ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ያዘገያል፤ ከ95 በታች ብታቆዩት መልካም ነው።

ከጀርባ የሚቀመጥ ፋን

ይህ ለአብዛኛው ካርድ ብዙ ለውጥ የለውም። አርቲኤክስ 3090 ግን ለብቻው ነው፤ ከ24ቱ የሜሞሪ ቺፖቹ 12ቱ ጀርባው ላይ ናቸው፣ እነሱን የሚያቀዘቅዘውም የጀርባው ብረት ብቻ ነው። ያገለገለ 3090 ለኤአይ ሥራ የምትገዙ ከሆነ የጀርባው ብረት ላይ ትንንሽ የአሉሚኒየም ሂትሲንኮች ለጥፋችሁ አንድ 92 ወይም 120 ፋን ወደ እነሱ አዙሩ። በ3090 ቲአይ ላይ ይህን አታድርጉ፤ ቺፖቹ ሁሉ ፊቱ ላይ ስለሆኑ ገንዘቡ ይባክናል።