እንጦጦ፣ ጉለሌ ወይስ ሱባ? ለሁለት ሰዓት ዕረፍት የትኛው ጫካ ያዋጣል

ከአዲስ አበባ ሳይርቅ ጭንቅላቱን የሚያሳርፍበት ጫካ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ የእንጦጦ ፓርክን፣ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን ወይም የመናገሻ ሱባን ደን። ሦስቱም ደጋ ላይ ናቸው፣ ሦስቱም በዛፍ የተሸፈኑ ናቸው፤ ለገባባቸው ሰው የሚሰጡት ግን ለየቅል ነው። እዚህ የሚመዘኑት በካፌያቸው ወይም ፎቶ ላይ በማማራቸው አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ተጨናንቆ የገባ ሰው ቀለል ብሎት ይወጣል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣና ወደ 20,000 የሚጠጉ የእንግሊዝ ነዋሪዎችን የተመለከተ ጥናት እንዳሳየው፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ መሀል የሚያሳልፉ ሰዎች፣ ጭራሽ ከማይወጡት ይልቅ ስለ ጤናቸውም ስለ ኑሯቸውም ጥሩ ስሜት አላቸው። ሰዓቱ በአንድ ቀን ይሙላ ወይም ተከፋፍሎ ይሙላ ልዩነት አልታየም። እርግጥ ሰው ስለወጣ ነው ደህና የሆነው ወይስ ደህና ስለሆነ ነው የወጣው የሚለውን እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2015 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራው ሙከራ ግን ወደ መልሱ ትንሽ ይጠጋል፦ ለ90 ደቂቃ ዛፍና ሣር መሀል የተራመዱት፣ መኪና በሚበዛበት ጎዳና ከተራመዱት በተለየ፣ ስለ ራሳቸው ክፉ ክፉውን ማብሰልሰላቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ስለዚህ በዓመት አንዴ ከሚታይ ድንቅ ጫካ ይልቅ በየሳምንቱ የሚደረስበት መካከለኛ ጫካ ብልጫ አለው። ሦስቱን ስንመዝን ይህን ልብ እንበል።

እንጦጦ

የእንጦጦ ትልቁ ሀብቱ ቅርበቱ ነው። በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው ከዚያ ወደ ማርያም የሚወጣ ታክሲ ያገኛል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ፣ መቀመጫውና የእግር መሄጃው ተስተካክሏል፤ አቅመ ደካማም ሆነ ጋሪ የሚገፋ ወላጅ የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለው።

ችግሩ ሁለት ነው። ዚፕላይኑ፣ ጎ ካርቱና ፈረስ ግልቢያው ልጆች ላሉት ቤተሰብ ጥሩ ናቸው፤ የደከመ አእምሮ ግን በእነሱ አያርፍም። ራቸልና ስቴፈን ካፕላን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ትኩረትን የሚጠግነው ዓይን ሳይታገል የሚያርፍበት ነገር ነው፦ የሚወዛወዝ ቅጠል፣ የሚያልፍ ደመና፣ የውሃ ድምፅ። ሞተርና ጩኸት ትኩረትን በግድ ይነጥቃሉ። ቅዳሜና እሑድ ከረፋድ በኋላ መሀሉ ላይ ያለው ሰው ብዛት ከገበያ አይተናነስም።

ሁለተኛው ባህር ዛፉ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣት ይኸው ዛፍ ነውና መውቀስ ውለታ መብላት ይሆናል። ሆኖም ከሥሩ ሌላ ቡቃያ እምብዛም አያስጠጋም። ቁጥቋጦ ከሌለ አበባና ነፍሳት ይቀንሳሉ፣ ነፍሳት ከቀነሱ ወፉም ይሳሳል፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ዓይንም ጆሮም የሚይዘው ያጣል። በበጋ መሬቱን የሚሸፍነው ደረቅ ቅጠልና ልጣጭ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል። እዚያ የሚወድቀው ሰው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ እርምጃ አሳጥሮ፣ ጉልበት ለስለስ አድርጎ መውረድ ያድናል።

እንጦጦን የመረጠ ሰው በሥራ ቀን ማለዳ ይሂድ፣ ከመዝናኛው ራቅ ባሉት የእግር መንገዶች ይግባ። በማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አሮጌ ጥድ አለ፤ ሆኖም ቦታው የጠበልተኛና የጸሎት ቦታ ነው፣ ሙዚቃ ከፍቶ ወይም ካሜራ ደቅኖ የሚኬድበት አይደለም። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መውጣትም ግድ ነው፤ ጅቡ ተረት አይደለም። ከአምስት ሦስት እንሰጠዋለን።

ጉለሌ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል የባህር ዛፉን ቦታ ቀስ በቀስ ለአገር በቀል ዛፎች እያስለቀቀ ያለ ነው። ለጀማሪ ከሦስቱ የሚመረጠው ይኼ ነው፤ ምክንያቱም ዕፅዋቱ ላይ ስም ተለጥፎ ይገኛል። ስም ማወቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ዝም ብሎ አረንጓዴ የነበረው ነገር ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ሆኖ ሲለያይ ዓይን የሚሠራው ያገኛል፣ ሐሳብም ከቢሮ ይለቃል። አንዴ በገባችሁ ቁጥር አምስት ዕፅዋት ብቻ ምረጡ፤ ቅጠላቸውን ከፊትም ከጀርባም እዩ፣ ልጣጫቸውን ዳስሱ፣ ሳትቀጥፉ አሽትቱ። ከአምስት በላይ ከሆነ ፈተና ማጥናት ይሆናል።

ጉድለቱ ጥላው ነው። ብዙው ተከላ ገና ወጣት ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይከብዳል፤ ባርኔጣ ያስፈልጋል። ከአምስት አራት።

ሱባ

ሱባ ሌላ ዓለም ነው። በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ወገብ ላይ የተኛ ደን ሲሆን የተራራው አናት 3,385 ሜትር ይደርሳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ታሪኩ ባይነገርም ዛፎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ የአንዳንዱን ጥድ ግንድ ለማቀፍ አንድ ሰው አይበቃም።

ጫካው ከታች ወደ ላይ ይለዋወጣል። ታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ተደባልቀው ይቆማሉ፤ ከፍ ሲባል ኮሶው ይበዛል፤ ወደ አናቱ አስታ የተባለው ቁጥቋጦ ይተካል። ኮሶ ዘንድ ሲደረስ ቆም ማለት ጥሩ ነው፦ ወንዴና ሴቴው ዛፍ ለየብቻ ናቸው፣ የተንዠረገገው አበባ ወደ ቀይ ካደላ ሴቴው ነው፣ ገርጥቶ ወደ ቢጫ ካደላ ወንዴው ነው። ጉሬዛ ከላይ ቅጠል ይበላል፤ ቅርንጫፍ ሲናወጥ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ረጅሙን ነጭ ጅራት ያያል፣ የሮጠ ግን የሚያየው ቅጠል ብቻ ነው። ሶሪት የምትባለው ወፍ ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፣ ስትበር ግን ክንፏ ውስጥ የተደበቀው ቀይ ይገለጣል። ከቁጥቋጦ ውስጥ የውሻ የሚመስል ጩኸት ከመጣ ድኩላ ደንግጦ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ድምፁ መጠጋት አያስፈልግም።

ከአስፋልቱ ርቆ መግባቱ ሌላውን ጥቅም ያመጣል፦ የመኪና ድምፅ የለም። ብዙ ሰው የከተማ ጩኸት ምን ያህል ትከሻውን እንደወጠረው የሚያውቀው እዚህ ሲለቀው ነው።

አሁን ወደ ችግሮቹ። በጅማ መንገድ ሰበታን አልፎ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው ጥርጊያ መንገድ በክረምት ጭቃ ነው፤ ዝቅ ያለች የቤት መኪና በሐምሌና በነሐሴ ይዞ መግባት ጎማ ሲያስገፉ መዋል ነው። የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ማለዳው ግን ይቆረጥማልና ጃኬት ያዙ። በሕዝብ ትራንስፖርት እስከ ሰበታ ይደረሳል፣ ከዚያ ወዲያ ኮንትራት መያዝ ነው፤ መመለሻውንም አብራችሁ ተነጋገሩ፣ ጥሬ ገንዘብም አይጥፋ። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ጫካው ውስጥ መንገዶች ስለሚመሳሰሉ ከጽሕፈት ቤቱ መሪ ይዞ መግባት ይሻላል፤ ለመሪው ገና ሲጀመር «ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ መቀመጥም እንፈልጋለን» ማለት ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ወደ አናቱ ያስሮጣችኋል።

ሳማውን ሳናነሳ አናልፍም። በመንገዱ ዳርና እርጥበት ባለበት ሁሉ አለ፣ ቁምጣ ለብሶ የመጣን አይምርም። የሚያቃጥለው ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያለው ብርጭቆ መሰል ፀጉር ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ፈሳሽ ስለሚለቅ ነው። ማከክ ፀጉሩን የበለጠ ያስገባዋል። መጀመሪያ ሳይነኩ ማቆየት፣ ከዚያ ፕላስተር ወይም ስኮች ለጥፎ ነቀል በማድረግ ፀጉሩን ማውጣት፣ በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል፤ ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቶሎ ወደ ሕክምና ነው።

በጥራቱ አምስት፣ በመድረሻው ሁለት። በሁለት ወር አንዴ ሱባ፣ መሀሉን በጉለሌ ወይም በማለዳ እንጦጦ መሙላት የሚያዋጣ አካሄድ ነው።

ሁለቱ ሰዓት እንዴት ይዋል

ስልኩን በር ላይ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ እጅ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ከተለመደው እርምጃ በግማሽ ቀንሱ። በዚህ ጊዜ ሐሳብ የባሰ መንጫጫቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ጀርባ የሚያስደግፍ ቦታ ፈልጋችሁ ለ30 ደቂቃ ተቀመጡ። መሬቱ እርጥብ ስለሚሆን የሚነጠፍ ፌስታል ወይም ካርቶን ያዙ፤ ቂጡ የራሰ ሰው ተፈጥሮን አያደንቅም። ቅርቡን ድምፅ፣ ከዚያ ራቅ ያለውን፣ ከዚያ የሩቁን ለዩ። ቀሪው ሰዓት ለመራመድና ለመመለስ ነው።

የሚያበላሹት ነገሮች ይታወቃሉ። እርምጃ መቁጠር ጫካውን ጂም ያደርገዋል። በስምንትና በአሥር ሰው መሄድ ወሬውን ከካፌ ወደ ዛፍ ሥር ማዛወር ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። በባዶ ሆድ ወጥቶ ራስ ምታት ሲመጣ ቦታውን መውቀስም የተለመደ ነው፣ ምክንያቱ ረሃብ ወይም የውሃ ጥም ሊሆን ይችላል፤ ለሁለት ሰዓት በሰው አንድ ሊትር ያዙ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ጨምሩ።

ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ እንግዳ ያላችሁ ደግሞ ከአውሮፕላን እንደወረደ ወደ ተራራ አታውጡት። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ፀሐዩም ሳይታወቅ ፊት ይልጣል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ ይረፍ፣ ቀጥሎ ጉለሌ፣ ሱባ በመጨረሻ ይሁን። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር ዳገት አይጀምር፤ ለድብርት ወይም ለጭንቀት መድኃኒት የሚወስድም ጫካው ተስማማኝ ብሎ በራሱ አያቋርጥ።