በየካ አባዶ የፖከር መለማመጃ ቤት፦ ፊት ከሌለው ተጋጣሚ ጋር ስድስት ምሽት

ከመገናኛ የሚነሣው ታክሲ የካ አባዶ ደርሶ ተሳፋሪውን ካራገፈበት ቦታ ጥቂት ደቂቃ በእግር እንደተሄደ፣ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ በአንዱ ምድር ወለል ላይ፣ ቀን ቀን ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጥ ጠባብ የኮምፒውተር ቤት አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይኸው ቤት በአካባቢያችን ሌላ ቦታ አይቼ የማላውቀውን አገልግሎት ይሰጣል፤ ደንበኛው በሰዓት 60 ብር ከፍሎ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚጫወት ፕሮግራም ጋር ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ ይለማመድበታል። ስድስት ምሽት ተመላልሼ ስለተጫወትኩ፣ ያየሁትን መልካም ነገርም ሆነ ጉድለት በዝርዝር መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ በዚህ ቤት በገንዘብ መወራረድ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑ ነው። ለውርርድ የሚያገለግለው ቺፕ በስክሪን ላይ የሚታይ ቁጥር እንጂ ሌላ አይደለም፤ ባለቤቷ ክልከላውን በትልቁ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች፤ አንድ ምሽትም በጎን ሊወራረዱ የሞከሩ ሁለት ወጣቶችን የከፈሉትን መልሳ ስታሰናብት በዓይኔ አይቻለሁ። ካርታ የስንቱን ቤት ደመወዝ እንደበላ ስለማውቅ፣ ይህ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ስለዚህ ቤት አንድ መስመር እንኳ አልጽፍም ነበር።

አገልግሎቱን ከተራ የስልክ ጨዋታ የሚለየው ካርታው የሚታደልበት መንገድ ነው። እኔ የምሄደው ከጎረቤቴ ከጡረተኛው የሂሳብ መምህር ጋር ሲሆን፣ እኔ በፊተኛው ክፍል ጋሼ ደግሞ በጓዳው እንቀመጣለን። ለእኔ የደረሰኝ ካርታ በጓዳው ጠረጴዛ ለፕሮግራሙ ይደርሳል፤ በእኔ ጠረጴዛ ፕሮግራሙ የያዘው ደግሞ በጓዳው ለጋሼ ይታደላል። በዚህ ምክንያት የሁለታችን ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ አንደኛው ወገን ጥሩ ካርታ ስለደረሰው ብቻ አሸነፈ የሚያሰኘው ሰበብ በእጅጉ ይቀንሳል። ባለቤቷ ይህን አሠራር የወሰደችው እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ በሪቨርስ ካሲኖ ከተካሄደው ግጥሚያ እንደሆነ ነግራኛለች። በዚያ ግጥሚያ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱማስ ሳንድሆልምና ኖአም ብራውን የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም፣ ከአራት ባለሙያ ተጫዋቾች ጋር ለ20 ቀናት 120,000 ዙር ተጫውቶ በ1,766,250 ዶላር ቺፕ አሸንፏል፤ ተጫዋቾቹም እንደ እኛ በጥንድ ተከፍለው የአንዱ ካርታ በሌላው ጠረጴዛ ለፕሮግራሙ ይታደል ነበር።

የዚህን አሠራር ጥቅም በሁለተኛው ምሽት በገዛ እጄ አየሁት። ጥንድ አሥር ይዤ ሳለ፣ ለሁለታችንም በጋራ መሀል ላይ ከሚገለጡት ካርታዎች የመጨረሻው ከተገለጠ በኋላ ፕሮግራሙ መሀል ላይ ከተከማቸው ቺፕ ሦስት እጥፍ የሚሆን ውርርድ አቀረበ። ረዥም ጊዜ አሰብኩ፤ ይህን ያህል የሚደፍር ጠንካራ ካርታ ቢይዝ ነው ብዬም ጥዬ ወጣሁ። ባለቤቷ ግን በየምሽቱ መጨረሻ የሁለቱን ጠረጴዛ መዝገብ ጎን ለጎን አትማ ስለምትሰጥ፣ ፕሮግራሙ ይዞት የነበረው ምንም ያልገጠመለት ስምንትና አምስት እንደነበረ አነበብኩ። የባሰው በጓዳው የሆነው ነው። በዚያው ዙር ጋሼ ስምንትና አምስት ይዘው፣ ካርታው እንዳልገጠመላቸው ሲያዩ ሳይወራረዱ አለፉ፤ ፕሮግራሙም በጥንድ አሥሩ የተከማቸውን ሰበሰበ። በአንድ ዓይነት ካርታ፣ በደካማው ጎን ተቀምጦ እኔን አሸነፈ፤ በጠንካራው ጎን ተቀምጦ ደግሞ ጋሼን አሸነፈ። ጋሼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ «ካርታው አይደለም ያሸነፈን፤ እርስዎ ፈሩ፣ እኔ ደግሞ አልደፈርኩም» አሉኝ። ለ60 ብር ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ነገር አላውቅም።

ካርታ ተጫዋች ነን የምንል ሰዎች ችሎታችንን የምንለካው የሰው ፊት በማንበብ ነው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ ተለወጠ፣ ሲጋራውን ቶሎ ቶሎ ማጨስ ጀመረ እያልን። ከዚህ ፕሮግራም ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ያ ሁሉ ችሎታው በአንድ ጊዜ ይነጠቃል። ፕሮግራሙም በበኩሉ የእኛን ፊት አያይም። ባለቤቷ የሶፍትዌር ትምህርት የተማረች ስለሆነች አሠራሩን በትዕግሥት አስረድታኛለች፤ ፕሮግራሙ ከሰው ጨዋታ አልተማረም። ከራሱ ጋር እየተጋጠመ፣ በእያንዳንዱ ውሳኔ «ጥዬ በመውጣት ፋንታ ብጨምር ኖሮ ምን ያህል አገኝ ነበር?» ብሎ ያሰላል፤ የጸጸቱን መጠን ይደምራል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ባለመምረጡ በብዛት የተጸጸተበትን አማራጭ አዘውትሮ ይመርጣል። ይህን የስሌት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በሁለት ሰው ጨዋታ ስሌቱ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም የስልቱ አማካይ ማንኛውም ወገን ስልቱን ብቻውን በመለወጥ ወደማይጠቀምበት፣ የጆን ናሽ ሚዛን ወደሚባለው ነጥብ ይጠጋል፤ ከዚያ ወዲያ ተጋጣሚው የቱንም ያህል ስልቱን ቢለዋውጥ የሚጠቀምበት ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል። ፕሮግራሙ በባዶ እጅ የሚወራረደውም ደፋር ስለሆነ ሳይሆን፣ ከስንት ጊዜ ስንቱን በባዶ እጅ ቢወራረድ እንደማይነበብ ለክቶ ስላስቀመጠው ነው።

ጋሼ ነገሩን ከገበጣ ጋር አነጻጽረውታል፤ ንጽጽሩም ትክክል ነው። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ ከሁለቱም ተጫዋቾች ፊት ስለሚታይ፣ አርቆ የቆጠረ ያሸንፋል። ቼዝም እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። ገደብ በሌለው ውርርድ በሚካሄደው የሁለት ሰው ፖከር ግን ባለሙያዎችን ለማሸነፍ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ወስዷል፤ ምክንያቱም የተጋጣሚው ካርታ የተደበቀ ነው፣ ሊወሰንባቸው የሚችሉት ነጥቦችም ከአንድ በኋላ 160 ያህል ዜሮዎች ተደርድረው የሚጻፉ ናቸው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ። ዋናውና በጣም ያሳሰበኝ፣ ታትሞ የሚሰጠው ወረቀት ድምሩን ብቻ መጻፉ ነው። አንድ ወጣት በአንድ ምሽት 4,000 ቺፕ ስላተረፈ ብቻ «ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አሸነፍኩ» እያለ ወረቀቱን ለጓደኞቹ ሲያሳይ ሰምቻለሁ። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የልጁ ብቻ አይደለም። የሊብራተስ ቀዳሚ የሆነው ክላውዲኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአራት ባለሙያዎች ጋር 80,000 ዙር ተጫውቶ በ732,713 ዶላር ቺፕ በተሸነፈ ጊዜ እንኳ፣ ልዩነቱ ከዕድል የሚያልፍ መሆን አለመሆኑ አከራክሮ ነበር። እኔና ጋሼ በስድስት ምሽት የተጫወትነው ወደ 900 ዙር ነው፤ ከሥረናል፣ ነገር ግን በዚህ ቁጥር ስለ ችሎታችን እርግጠኛ ነገር መናገር አይቻልም። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ላይ እንዳሳለፈ ሰው፣ ከወረቀቱ ግርጌ የዙሩን ብዛትና አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር እንድትጨምርበት ባለቤቷን አጥብቄ ጠይቄአለሁ፤ እንደምታደርገውም ቃል ገብታልኛለች።

ሌላው ችግር የመብራት ነው። የፊተኛው ኮምፒውተር መጠባበቂያ ባትሪ ሲኖረው የጓዳው የለውም። በአራተኛው ምሽት መብራት ሲጠፋ የእኔ መዝገብ ተረፈ፤ የጋሼ ግን ጠፋ፤ ሁለቱ ካልተነጻጸሩ ደግሞ የቤቱ ዋና ጥቅም አብሮ ይቀራል። የከፈልነው ተመልሶልናል፤ ቢሆንም ባትሪው መገዛት አለበት።

ፕሮግራሙ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ መጫወት የሚችል መሆኑም ያስቆጫል፤ አምስትና ስድስት ሆነው የሚመጡ ጓደኛሞች ተራ ሲጠብቁ ያመሻሉ። የስድስት ሰው ጠረጴዛ ለማሽን የማይቻል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የካርኔጊ ሜሎንና የፌስቡክ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ፕሉሪበስ ከአምስት ባለሙያዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ በ12 ቀናት 10,000 ዙር ተጫውቶ አሸንፏል፤ መሠረታዊ ስልቱን የተማረውም በአንድ ሰርቨር ላይ በስምንት ቀናት ሲሆን፣ ለዚህ የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ኪራይ ከ150 ዶላር በታች ተገምቷል። ይህን ለባለቤቷ ስነግራት «ጋሼ፣ ቦታው ነው እንጂ የቸገረኝ ሌላው አያቅተኝም» አለችኝ፤ ክፍሎቹን ላየ ሰው እውነቷን ነው።

ቡናው ጥሩ ነው፤ ወንበሮቹ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አያስቀምጡም።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ከሚያምነው ጓደኛ ጋር ጥንድ ሆኖ እንዲሄድ ነው። ብቻውን የሄደ ሰው ከማያውቀው ደንበኛ ጋር ይጣመራል፤ ያ ደንበኛ አቋርጦ ከተነሣ ደግሞ የሁለቱም መዝገብ ጎደሎ ይሆናል። ቅዳሜ ወረፋው ስለሚረዝም በሥራ ቀን መሄድ ይሻላል። እኔና ጋሼ ማክሰኞና ሐሙስን ይዘናል፤ እሳቸው ከዚህ በኋላ ስምንትና አምስት ሲደርሳቸው ምን እንደሚያደርጉ በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል።