አዞረስ፦ ከቦስተን አምስት ሰዓት፣ ከእማዬ ጋር

አዞረስ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል የተበተኑ ዘጠኝ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ናቸው። የፖርቱጋል ግዛት ናቸው፤ ግን ከሊዝበን 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ቦስተን አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ቀጥታ በረራ አለ። አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ካሊፎርኒያ ከመሄድ ያጥራል። እኔ እናቴን ይዤ ሰመር ላይ ሄድኩ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለተፈጥሮው አስር ከአስር። ለምግቡ ሰባት፣ ያውም ምን እንደምታዙ ካወቃችሁ። ከደሴት ደሴት ለሚያደርሰው በረራ ሦስት፣ እሱም በይሉኝታ።

ትልቋ ደሴት ሳኦ ሚጌል ናት። እዚያ ፉርናስ የምትባል መንደር አለች፣ እሳተ ገሞራ በከፈተው ገደል ውስጥ የተቀመጠች። መንገድ ዳር ውሃ ይንተከተካል። ድኝ ይሸታል። ሰዉ ግን ልብሱን ያሰጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ግድም የለው። በቆሎ በጆንያ አድርገው የሚፈላው ውሃ ውስጥ ይከቱና ቀቅለው ይሸጣሉ። እማዬ አንዱን ጨርሳ ሌላ አስገዛችኝ።

የቦታው ዝነኛ ምግብ ኮዚዶ ነው። የበሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ አሳማ፣ ቋሊማ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ድንችና ጎደሬ አንድ ድስት ውስጥ ይደረደራል። ድስቱ ሐይቁ ዳር በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀበራል። ስድስት ሰዓት ያህል በመሬቱ እንፋሎት ብቻ ይበስላል። እኩለ ቀን ሲቃረብ የምግብ ቤት ሰዎች መጥተው አፈሩን ገፍተው ድስቶቹን ያወጣሉ። ይሄን ሳታዩ እንዳትመለሱ።

መብላቱ ላይ ግን ነገር አለ። ለኛ ሰው ችግሩ አሳማው ነው። ሥጋው ብቻ ሳይሆን ቋሊማዎቹም አሳማ ናቸው፣ አንደኛው እንዲያውም ከደም የተሠራ ነው። ሁሉም አብሮ ስለሚበስል ጠረጴዛ ላይ እለያለሁ ማለት አይሠራም። እኛ ቀደም ብለን ደውለን የአትክልት ብቻ አዘዝን። ጣዕሙ? ጨው ይጎድለዋል፣ ጎመኑም እንፋሎት እንፋሎት ይላል። እማዬ የጅማ ልጅ ናት፣ ጎደሬውን ስታይ ግን ፊቷ በራ። «እነዚህም ጎደሬ ያውቃሉ እንዴ?» ብላ ከኔም ሳህን አነሳች።

የአዞረስን ምግብ የወደድኩት ማንም ፎቶ በማያነሳው ነገር ነው። ገና ስትቀመጡ ለስላሳ ነጭ አይብ ያመጡላችኋል፣ ላዩ ላይ ቀይ የበርበሬ ድልህ ተቀብቶ። አይብ በሚጥሚጣ ስትበላ ላደገች ሰው ከዚህ በላይ ምን አለ? ከፉርናስ ክብ ዳቦ ጋር ነው የሚበላው። ዳቦው በምጣድ ይጋገራል፣ ትንሽ ጣፋጭ ነው። ከዚያ በላይ የተጠበሰ ቱና ካዘዛችሁ ምሳችሁ አለቀ። የባሕር ዛጎል በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ጠብሰው ያቀርባሉ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሲያጨበጭቡለት አይቻለሁ። እኛ አልነካነውም።

ቴራ ኖስትራ የሚባል የአትክልት ቦታ ውስጥ ትልቅ የሙቅ ውሃ ገንዳ አለ። ውሃው ብረት ስላለው መልኩ ዝገት ነው፣ ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትግቡ። ቦታውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው ቶማስ ሂክሊንግ የሚባል የቦስተን ነጋዴ ነው። እማዬ ገብታ አማተበች፣ ለጉልበቷ ጠበል ነው ብላ። ልናስወጣት ተቸገርን።

ጎሬያና የሻይ እርሻን ጎብኙ፣ ከ1883 ጀምሮ እየሠራ ነው። አናናሱንም እዩ። በመስታወት ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ እኩል እንዲያብብም ጭስ ያጥኑታል።

ለጀብዱ ፒኮ የምትባለው ደሴት ናት። ተራራው 2,351 ሜትር ነው፣ ከፖርቱጋል ሁሉ ከፍተኛው። መውጣት የሚጀመረው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ቤት ነው። እዚያ ትመዘገባላችሁ፣ የት እንዳላችሁ የሚያሳይ መሣሪያም ይሰጧችኋል። ከዚያ በኋላ ቁጥር የተጻፈባቸውን ምሰሶዎች መከተል ነው። መንገድ የሚባል ነገር የለም፣ ጥቁር ሹል ድንጋይ ብቻ። መውጣቱ ሳንባ ነው የሚፈልገው፣ መውረዱ ጉልበት። መውረዱ ይብሳል። አናት ላይ ደመናው ከእግራችሁ በታች ይሆናል፣ ጎረቤት ደሴቶቹ ፋያልና ሳኦ ዦርዥ ወጣ ብለው ይታያሉ። አንዳንድ ቦታ ድንጋዩ ስንጥቅ ላይ እጅ ሲያደርጉ ይሞቃል። እማዬ ማዳሌና በሚባለው የፒኮ ወደብ ላይ ተቀምጣ ስትጸልይልኝ ዋለች።

ከማዳሌና ወደ ፋያል በጀልባ ግማሽ ሰዓት ነው። እዚያ ካፔሊንዮስ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ቦታ ማየት የግድ ነው። ከሴፕቴምበር 1957 እስከ ኦክቶበር 1958 ከባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመድ ቤቱንም እርሻውንም ቀበረው። ለመርከቦች የሚያበራው የመብራት ማማ ዛሬም ግማሹ አመድ ውስጥ ነው። ዙሪያው ሳር የለም፣ ግራጫ ብቻ። ቤት ላጡት ሰዎች አሜሪካ በ1958 ልዩ የስደተኞች ሕግ አወጣች። ሕጉን ከገፉት አንዱ የያኔው የማሳቹሴትስ ሴናተር ጆን ኤፍ ኬኔዲ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ መጡ። እኔ በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ እዚያ አመድ ላይ ቆሜ እዚህ ማሳቹሴትስ፣ ፎል ሪቨር ከተማ ያሉትን ፖርቱጋሎች በሌላ ዓይን አየኋቸው።

ሳኦ ዦርዥ ላይ ቡና ይበቅላል፣ ፋዣ ዶስ ቪሜስ በሚባል ባሕር ዳር። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርደን ጠጣን። ለስለስ ያለ፣ ደህና ቡና ነው። እማዬ ግን ስኒውን አስቀምጣ «ይሄ በረካ ነው፣ አቦሉን ለማን ሰጡት?» አለች። የደሴቲቱ አይብ ላይ ቅሬታ አልነበራትም። ከላም ጥሬ ወተት የሚሠራ፣ የከረመ፣ ምላስ የሚነካ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ወደ ሳኦ ሚጌል የሚመልሰን በረራ በጭጋግ ተሰረዘ። ጭጋጉን ማን ይቆጣጠራል፣ ገብቶኛል። ግን የት እንደምናድር የሚነግረን ሰው ጠፋ። አሮጊት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ እያዩ «ነገ ኑ» ነው መልሱ። ስለዚህ ወደ ቤት ከምትመለሱበት ቀን በፊት ባዶ ቀን ተዉ። ዘጠኙንም ደሴት ልያዝ አትበሉ፣ ሳኦ ሚጌልና በጀልባ የሚገናኙት ሦስቱ፣ ፒኮ፣ ፋያልና ሳኦ ዦርዥ፣ ይበቃሉ። መኪናውን አስቀድማችሁ ተከራዩ፣ ሰመር ላይ ያልቃል።

ጿሚ ከሆናችሁ ቀኑን አስሉ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። አይቡን ለመብላት ጥሩው ጊዜ በመሀል ያለው ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ቀጠሮውን ዊንተሩ ሳይወጣ ያዙ፣ ወደ ሰመር ሲጠጋ ወረፋው ይረዝማል።