ለዴስክቶፕ ሁለተኛ ኤስኤስዲ፦ ሳታ ይሻላል ኤንቪኤምኢ?

ዊንዶውስ የተጫነበት 256 ጊጋ ባይት ሞልቶ ቀዩ መስመር ሲመጣ ሁለተኛ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፈጣን የፋይል ማከማቻ ዲስክ፣ መግዛት ግድ ይሆናል። ሳታ በኬብል የሚገናኘው የቆየው ዓይነት ነው፤ ኤንቪኤምኢ ደግሞ በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ በቀጥታ የሚሰካው ፈጣኑ ዓይነት ነው። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ስለማደርግ ይህን ምርጫ ለራሴም ለጓደኞቼም ደጋግሜ መርጫለሁ። ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የመጀመሪያው ዲስክ ነው፤ ሁለተኛው ፋይል ተሸካሚ ነው። ስለዚህ ብራችሁን በመጠኑና በጥንካሬው ላይ አውሉት፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱ። እዚህ ገበያ ላይ ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው የሚመጡ ያገለገሉ ዴሎችና ኤችፒዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ኤንቪኤምኢ የሚሰካበት፣ ኤም.2 የሚባለው ማስገቢያ የለውም፤ ኦፕቲፕሌክስ 7050 ግን አለው። ማስገቢያው ካለ 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት ስስ ካርድ ትገባበታለች፣ ጫፏም በአንዲት ደቃቅ ብሎን ትታሰራለች። ያገለገለ ማሽን ላይ ብሎኗ ብዙ ጊዜ ጠፍታ ስለምትገኝ ዲስኩን ስትገዙ አብራችሁ ጠይቁ። ለሳታ ደግሞ የዳታ ኬብል እና ከፓወር ሰፕላዩ የተረፈ ሶኬት መኖሩን እዩ።

አንድ ጓደኛዬ ኤም.2 ዲስክ አስገብቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራ አሮጌው ሃርድ ዲስኩ ጠፋበት። የአራት ዓመት ፎቶ ተቃጠለ ብሎ ደንግጦ ደወለልኝ። ዲስኩ ምንም አልሆነም ነበር። ማዘርቦርዱ ሁለተኛው ኤም.2 ሲያዝ አንዱን የሳታ ሶኬት የሚያጠፋ ዓይነት ነው። ኬብሉን ነቅለን ሌላ ሶኬት ላይ ስንሰካው ፎቶው ሁሉ ተመለሰ። ይህ በማዘርቦርዱ ማኑዋል ላይ ይጻፋል፤ አንብቡት።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ሳታ በተግባር 550 ሜጋ ባይት በሰከንድ አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ጥሩ ኤንቪኤምኢ ከ3,500 እስከ 7,000 ይደርሳል። ልዩነቱ ትልቅ ቢመስልም ከካሜራ ካርድ 64 ጊጋ ባይት ስገለብጥ ካርዱ 90 ሜጋ ባይት በሰከንድ ብቻ ከሰጠ፣ የትኛውም ዲስክ ቢገባ 12 ደቂቃ ያህል መጠበቄ አይቀርም። የኤንቪኤምኢው ፍጥነት የሚታየው ከኤንቪኤምኢ ወደ ኤንቪኤምኢ ትልቅ ፋይል ስታዛውሩ ነው። 200 ጊጋ ባይት በሳታ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ሲፈጅ፣ በጥሩ ኤንቪኤምኢ ከሁለት ደቂቃ በታች ሊያልቅ ይችላል።

ባለ 1 ቴራ ባይት አራት ዲስኮችን እናስተያይ። ሳምሰንግ 870 ኢቮ ሳታ ነው፤ በሰከንድ 560 ሜጋ ባይት ያነባል፣ የራሱ ዲራም (ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚይዝ ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) አለው፣ ዋስትናው 5 ዓመት ወይም 600 ቴራ ባይት እስኪጻፍበት ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። ክሩሻል ቢኤክስ500ም ሳታ ነው፣ ግን ዲራም የለውም፤ ዋስትናው 3 ዓመት ወይም 360 ቴራ ባይት ነው። ከኤንቪኤምኢዎቹ ክሩሻል ፒ3 3,500 ያነባል፣ 5 ዓመት ዋስትናም አለው፤ የጽሕፈት ገደቡ ግን 220 ቴራ ባይት ብቻ ነው። ደብሊውዲ ብላክ ኤስኤን770 5,150 ያነባል፣ 5 ዓመትና 600 ቴራ ባይት ይሰጣል።

ያቺ የጽሕፈት ገደብ ለእኔ ከፍጥነቱ ትበልጣለች። በሳምንት 1 ቴራ ባይት የሚጽፍ ኤዲተር በዓመት 52 ቴራ ባይት ይጽፋል፤ የፒ3ን ገደብ በአራት ዓመት ገደማ ይጨርሳል፣ የኤስኤን770ን ግን ከ11 ዓመት በላይ ይወስድበታል። ፊልምና ጌም ብቻ ለሚያስቀምጥ ሰው 220ውም ይተርፈዋል።

ሌላው ጉዳይ ኪውኤልሲ የሚባለው ሜሞሪ ነው፤ ፒ3 የተሠራው በእሱ ነው። በአንድ ሴል 4 ቢት ስለሚያጭቅ ይረክሳል፣ ግን ለጊዜው የሚቀበልበት ፈጣን ቦታ ሲሞላ ፍጥነቱ ይወድቃል። ከዓመታት በፊት የገዛሁት አንድ ርካሽ ኤስኤስዲ ላይ የአንድ ሰርግ ቀረጻ ስገለብጥ መጀመሪያ እየበረረ ነበር፤ ከመሀል በኋላ ከአሮጌው ሃርድ ዲስኬ በታች ወረደ። ሙሽሮቹ በማግስቱ ቅንጭብ ይጠብቁ ነበርና ያን ሌሊት አልተኛሁም። በየቀኑ ብዙ የሚጽፍ ሰው ይህን ዓይነት ዲስክ እንዲገዛ አልመክርም።

እንግዲህ ኤም.2 ያለውና ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ኤስኤን770ን ይውሰድ። ኤም.2 የሌለው 870 ኢቮን ይግዛ። ለጌምና ለፊልም ማከማቻ ፒ3 ይበቃል። ቢኤክስ500ን የምመክረው በጀቱ ከዚያ ማለፍ ካልቻለ ብቻ ነው። ኤም.2 የሌለው አሮጌ ማሽን ያለውም ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት ባዶ የፒሲአይኢ ማስገቢያ ካገኘ በአስማሚ ካርድ ኤንቪኤምኢ መጠቀም ይችላል። አሮጌ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ከእሱ ላይ ዊንዶውስ ማስነሳት ላይችል ይችላል፤ ለሁለተኛ ዲስክ ግን ዊንዶውስ 10 ራሱ ካየው በቂ ነው።

መብራት በጽሕፈት መሀል ሲሄድ የሚጻፈው ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ ይኑራችሁ። በገበያው ላይ መጠኑ የተጭበረበረ ዲስክም አለ፦ 1 ቴራ ይላል፣ ውስጡ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ገና ባዶ ሳለ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን አስጽፋችሁ አስነብቡት፤ ሻጩ የሰጣችሁ የመመለሻ ቀን ሳያልፍ፣ ደረሰኙም ሳይጠፋ።