ከስምንት ወር በኋላ፦ ግራ ጆሮዋ ጠፍቶ የተቀየረችልኝ ኤምፒስሪ

አሁን ኪሴ ውስጥ ያለችው ኤምፒስሪ (ትንሿ የሙዚቃ ማጫወቻ) ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳትሞላ ግራ ድምጿ ጠፋ። ስለዚህ ይህ ግምገማ ግማሹ ስለ ዕቃው፣ ግማሹ ስለ ሱቁ ነው። ዕቃ ሲበላሽ ሁለቱ አይለያዩም።

የገዛኋት ሰኔ ላይ ነው፣ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ በኩል ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ። ባለ አዝራር ናት። 16 ጊጋ፣ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ፣ ኤፍኤም ሬዲዮ፣ ብሉቱዝ አላት። ሳጥኑ ላይ ያለውን የብራንድ ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁትም።

ስልክ እያለ ምን አስፈለገ ለምትሉ፣ የምሠራው ቆጪ አካባቢ እንጨት ቤት ነው። በርጩማ፣ አልጋ፣ ቁምሳጥን እንሠራለን። ሰጋቱራው የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ ስልኬን እዚያ መሃል ማውጣት አልወድም። ደግሞ እጄ ቫርኒሽ ሆኖ ስክሪን አልነካም። አዝራር ግን ኪስ ውስጥ እንዳለ በጣት ይገኛል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ የስልኬ ባትሪ ለደንበኛ ጥሪ መቆየት አለበት።

ወደ ብልሽቱ ልምጣ። መጀመሪያ ግራው መንጫጫት ጀመረ። የኢርፎኑን መሰኪያ በጣቴ ጫን ሳደርገው ይመለሳል፣ ስለቀው ይጠፋል። ቀጥሎ ጭራሽ ዝም አለ። ሱቅ ከመሄዴ በፊት ቤት ቁጭ ብዬ ለየሁት። ሌላ ኢርፎን ሰካሁባት፣ ያው ግራው የለም። የእሷን ኢርፎን ስልኬ ላይ ሰካሁት፣ ሁለቱም ጎን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። በብሉቱዝ አጫወትኳት፣ ሁለቱም ይሠራል። እንግዲህ ዘፈኑም ደህና፣ ኢርፎኑም ደህና፤ የቀረው መሰኪያው የሚገባበት ጃክ ነው። ጃኩ ውስጡ ካለው ሰሌዳ ላይ በሊድ የተበየደ ነው። ርካሽ ዕቃ ላይ ብየዳው ቀጭን ስለሚሆን ሲሰካ ሲነቀል ይሰነጠቃል። መሰኪያውን ሲጫኑት የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። የት አልተለጠፈ! የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ሌላ ነው የሚለው። የገዙት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይቻላል። እኔ አዋጅ አልጠቀስኩም። ጨዋታው ገና ሳይጀመር አዋጅ ከጠራህ ሻጩም ይከርራል። ደረሰኙን ቀኑ እንዲታይ አድርጌ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት፣ በቃ።

«ኢርፎንህ ነው» አለኝ ልጁ ዕቃዋን ሳያያት። በስልኬ አሰማሁት። ቀጥሎ ሸሚዜን አየና «ሰጋቱራ ገብቶበት ነው፣ ይሄ የእኛ ጥፋት አይደለም» አለ። ነገሩ እውነት ለመናገር ባዶ ሰበብ አይደለም። የግራው ድምፅ የሚያልፈው በመሰኪያው ጫፍ በኩል ነው። ጃኩ ጥልቅ ላይ ብናኝ ከተጠቀጠቀ ጫፉ ቦታው አይደርስም፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ግራው ነው። ስለዚህ አልተከራከርኩም፣ አጽዳው አልኩት። በብሩሽ ጠረገው፣ በአየር ነፋው። መሰኪያው ቀጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ገባ። ግራው አሁንም የለም።

«እንግዲያው እዚህ ጎን ያለው ጠጋኝ ይበይድልህ፣ እኛ እንከፍላለን» አለ። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። አንዴ ከተከፈተች በኋላ ነገ ሌላ ነገር ቢበላሽ «የተከፈተ ዕቃ ነው» ነው የሚባለው።

ጥግ ላይ ተቀምጠው ሒሳብ ሲሠሩ የነበሩት አባቱ ቀና አሉ። «ሐጂ፣ እስቲ እርስዎ ራስዎ ይስሙት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ኢርፎኑን ሁለቱም ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ትንሽ ሰሙ። ግራና ቀኙን ገልብጠው ደግመው ሰሙ። ጥርጣሬያቸው የራሳቸው ጆሮ ላይ ነበር መሰለኝ። ከዚያ «ይሄ ሰጋቱራ አይደለም፣ አዲሱን አምጣለት» አሉ። ልጁ ፊቱን ቋጠረ፣ ግን አመጣ።

አዲሷንም እዚያው ፈተሽኳት። መሰኪያውን እያዞርኩ ሰማሁ፣ ቻርጅ ማድረጓን አየሁ፣ ሬዲዮዋን ከፈትኩ። የተቀየረበትን ቀን ደረሰኙ ጀርባ ላይ አስጽፌ አስፈረምኩ። ሚሞሪው ግን ሱቅ ውስጥ አይፈተሽም፣ ጊዜ ይወስዳል። 16 ጊጋ ነኝ እያለ ውስጡ 4 የሆነ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል። ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ እስኪሞላ መጫንና የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ከፍቶ ማየት ነው። ሐሰተኛ ከሆነ መጨረሻ የተጫኑት አይጫወቱም ወይም መሃል ላይ ይቆረጣሉ። የእኔ እውነተኛ 16 ሆነች።

ከዚያ ወዲህ ሙሉ ክረምት አልፏል። የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እርጥበቱ ምንም አላደረጋትም። ጃኩ እስካሁን ደህና ነው። ኢርፎን ሳልሰካ ቀዳዳውን በፕላስተር እሸፍናለሁ፣ ስሰካም ጃኩ ወደ ታች እንዲሆን አድርጌ ነው ኪሴ የምከታት። ባትሪው ሳጥኑ ላይ 30 ሰዓት ይላል። ውሸት ነው፤ በሽቦ ኢርፎን ሁለት የሥራ ቀን ያህል ትዘልቃለች፣ ብሉቱዝ ከተከፈተ ከዚያም ያንሳል። እኔን ይበቃኛል። የ«ቀጣይ» አዝራሯ ቀለም ተልጧል። ሬዲዮው የኢርፎኑን ሽቦ እንደ አንቴና ስለሚጠቀም ሽቦ ካልተሰካ አይሠራም። ሽቦው ካለ ግን የዩኒቨርሲቲውን ማኅበረሰብ ሬዲዮ ጥርት አድርጋ ታሰማኛለች።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አማርኛ አታነብም። የዘፈን ስም በፊደላችን ከተጻፈ የምታሳየው የአራት ማዕዘን ሰልፍ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተርና ስልክ የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስንት ዘመኑ! ሙዚቃ ቤት ያስጫንኳቸውን ዘፈኖች ስም አንድ በአንድ በላቲን ፊደል ለወጥኩ። ስሙን ብቻ መለወጥም አይበቃም፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀበረውን የዘፈንና የዘፋኝ ስም መረጃ ጭምር ማጥፋት አለባችሁ፣ አለዚያ አራት ማዕዘኑ ተመልሶ ይመጣል። ትልቅ ካርድ ለመጨመር የምታስቡም ልብ በሉ። 64 ጊጋ ካርድ ኤክስፋት በሚባል የፋይል አያያዝ ዘዴ ተዘጋጅቶ ነው የሚሸጠው፣ እሷ የምታነበው ፋት 32 የሚባለውን የቆየ ዘዴ ብቻ ነው። 32 ጊጋው ይሻላል።

ደረሰኛችሁንም በስልክ ፎቶ አንሱት። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ይነጣል። የእኔው አሁን የፊቱ ጽሑፍ ጠፍቶ የቀረው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ነው።

ግዙ ወይስ አትግዙ? ከሁለት ሺህ ብር በታች ካገኛችኋት፣ እዚሁ ከተማ ካለ ሱቅ ከሆነም ግዙ። ከአዲስ አበባ በሰው ማስመጣቱን ግን አልመክርም። ብትበላሽ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መልሶ ለሚልክላችሁ ሰው የምትከፍሉት ከዕቃዋ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ባለፈው ሳምንት ሱቁ ሄጄ ስጠይቅ ዋጋዋ ጨምሯል። በዚያ ዋጋ እኔም አልገዛትም።