የልጅ ጉልበት ጅማት፦ አሁን ይሠራ ወይስ ይጠበቅ?

ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ጉልበቱ «ቋ» ብሎ ያበጠበት የ12 ዓመት ልጅ ቢኖር መጀመሪያ የሚሰማው «አብሽር፣ ወጌሻ ያሸዋል» ነው። ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ የፊት መስቀለኛ ጅማት (ጉልበት ውስጥ የጭንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዘው) ግን በእሽት አይገጥምም። ምርጫው አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ወይም እድገቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

መጠበቅን የሚያስመርጠው የአጥንቱ ማደጊያ፣ ማለትም አጥንቱ የሚረዝምበት የጫፉ ለስላሳ ክፍል ነው። የጭን አጥንት ርዝመት 70 በመቶ ገደማ የሚመጣው ጉልበት አጠገብ ካለው ማደጊያ ነው። ቀዶ ጥገናው እሱን ከጎዳ እግር ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ማደጊያው በሴቶች 14፣ በወንዶች 16 ዓመት አካባቢ ይዘጋል።

መጠበቁም ዋጋ አለው። ኳስ የለም፣ ዝላይ የለም፤ ፊዚዮቴራፒ ብቻ። የ12 ዓመት ልጅ ይህን ይሰማል? እንጃ! ከጦሳ ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ በከዳው ቁጥር ሜኒስከሱ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ሊቀደድ ይችላል። የመገጣጠሚያውን ጫና የሚሸከመው ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ ጉልበቱ የሚከዳ ከሆነ እኔ ወደ ቀዶ ጥገናው አደላለሁ። ማደጊያውን ሳይበሱ ጅማት የሚተኩበት ዘዴ አለ፤ የልጆችን ጉልበት የለመደ ሐኪም ይፈልጋል። ጉልበቱ ካልከዳና ሜኒስከሱ ደህና ከሆነ ግን በክትትል መጠበቅ ያስኬዳል። ተሠርቶም ቢሆን ቢያንስ 9 ወር ኳስ የለም።